ቀላል ዝናብን ማን ያየዋል?

ግቡ፣ ግቡ፤ ብቻ ያቺን አረንጓዴ ጨርቅ እንዳትረግጧት፣ ሰማይ እሷ ናት። ዳሸን ሲባል እጄን ወደ ላይ፣ ጣና ሲባል ወደ ታች። ተራራውንና ሐይቁን ኮምፒውተሩ ነው ለእናንተ የሚያሳያችሁ፤ እኔ የማየው የተሰነጠቀ ግድግዳ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰማይ ስጠቁም እውላለሁ፤ ቀና ብዬ ካየሁት ግን ቆየሁ።

በዚህ ዘመን ሥራ ሰውን ይመርጣል እንጂ ሰው ሥራን አይመርጥም። እኔ ትምህርቴን በጊዜ ጥዬ፣ ሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥዬ «አዘዞ! ፀዳ!» ስል ያደግሁ ነኝ። የቴሌቪዥን ጣቢያችን ደህና በነበረበት ጊዜ የአየር ትንበያ የሚያቀርበው የተማረ ሰው ነበር። ተመልካቹ ከቴሌቪዥን ወደ ስልክ ሲሰደድ ማስታወቂያውም ተከተለው፤ ደመወዙ ቀጠነ፣ ሰውየውም ሄደ። ድምፅ ያለው ሰው ሲፈለግ እኔ ተገኘሁ። ድምፅ ከሆነማ፣ ፒያሳ ቆሜ አዘዞ የተኛ ተሳፋሪ እቀሰቅስ ነበር።

ሳይንሱ አያሳስባችሁ፤ ትንበያው ከባለሙያዎች ተዘጋጅቶ ይመጣል። የኔ ድርሻ ማንበብ ነው። ያን ቀን፣ ኅዳር ላይ፣ የመጣው «በጥቂት ቦታዎች ቀላል ዝናብ ሊኖር ይችላል» የሚል ነበር። እንደተጻፈው አነበብሁ።

«ስማ ወንድሜ» አለኝ አለቃዬ፤ «ቀላል ዝናብን ማን ያየዋል?» ኢንተርኔት ላይ በሚለቀቀው ቪዲዮዬ ላይ «ጎንደር ሆይ ተጠንቀቂ!» የሚል ርእስ ለጠፈበት፤ ከፊቱም፣ ከረባት ካሰርሁት ከእኔ ጎን፣ አንድ ጥቁር ደመና። ደመናውን ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ከሥሩ መርከብ ይታያል።

ከሰዓት በኋላ የእናቴ ወንድም አያ ማሩ ከገጠር፣ ከትክል ድንጋይ ደወለ። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፣ አውድማው በእበት ተለቅልቋል፣ ጠላው ደርሷል፤ ለነገ ውቂያ ደቦ ጠርቶ ነበር።

«ደቦውን መለስሁት» አለኝ።

«ምነው አያ!»

«ድምፁ ባይሰማም በልጄ ስልክ አየነዋ! መርከብ የሚያሰጥም ደመና መጥቶ ጤፍ ላሰጣለት?»

የደቦን ነገር ታውቃላችሁ። ነገ ካመለጠው ጎረቤቱ በሬውን እየነዳ ወደ ሌላው አውድማ ይሄዳል፤ ተራው ዞሮ እስኪደርሰው የዓመት ልፋቱ የአይጥና የምስጥ ሲሳይ ነው። ሮጬ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ፤ ርእሱን እንዲያነሣ ለመንሁት።

«አሁን? ተመልካች እየጎረፈ?» አለኝ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ይኼ የስልክ መስኮት ከሁለቱም ባሰ። ደከመኝ፤ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥሁና መልሼ ደወልሁ።

«አያ፣ ትንበያው እጄ ላይ ነው። ቀላል ዝናብ ነው የሚለው፣ ያውም እዚህም እዚያም። ደቦኞቹ መሽቶ ለሌላ ቃል ሳይገቡ ይላኩባቸው፣ ነገ ይወቃ!»

«‹ተጠንቀቂ› ያለው የቴሌቪዥኑ ሰውዬስ?»

«እኔው ነኛ አያ! ተናጋሪውም እኔ፣ ደዋዩም እኔ!»

እያሰበ መሰለኝ፤ ትንሽ ተስፋ አደረግሁ።

«አይ ልጄ» አለኝ፣ እንደሚያባብል ሰው። «አንተንማ አውቅሃለሁ፤ ባዶ ማኪና ‹ሞልቷል፣ አንድ ሰው ብቻ› እያልህ ነው ያደግኸው። ያ ሰውዬ ግን ከረባት አስሯል። ለውሸት ብሎ የገዛ አንገቱን የሚያንቅ ሰው አለ?»