ዛፎቹ ሰፈራችንን የለኩ ዕለት

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ዛፎች ሜትር ይዘው ሰፈራችንን ሊለኩ መጡ። ከፊት አንድ ሽማግሌ ወይራ ነበር፤ ከኋላው ኮሶውና ጥዱ ሥሮቻቸውን እየጎተቱ አስፋልቱን ሞሉት። ወይራው ከደኑ አጥር ሥር ያለችው ቤቴ ጋ ሲደርስ ቆመና በሩ ላይ በቀይ ቀለም ኤክስ አደረገ።

"ምንድነው ይሄ?" አልኩት።

"ቤትህ ይነሳል። ደኑ ሊስፋፋ ነው።"

"እኔ እኮ የደኑ ጥበቃ ነኝ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ብርድና ዝናብ የተፈራረቀብኝ ለናንተ ብዬ ነው!"

"እናውቅሃለን" አለ ወይራው። "አምና ግማሹን ደን ለሕንፃ ሲቆርሱ የሜትሩን ጫፍ ማን ያዘላቸው?"

እውነቱን ነው። "ጫፉን ያዝልን" አሉኝ፣ ያዝኩ። ለምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩም። አሁንም ሳስበው በራሴ ተናድጄ ደሜ ይፈላል።

ወዲያው ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ተገኘሁ። መድረኩ ላይ አንድ ጉሬዛ ነጭ ካባውን ደርቦ ስብሰባ ይመራል። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጎረቤቴ እትዬ ዘርፌ እጃቸውን አወጡ።

"ታዲያ እኔ የት ልግባ?"

"ምትክ ቦታ ይሰጥዎታል" አለ ጉሬዛው። "ሦስተኛው ቅርንጫፍ ላይ።"

"በዚህ ጉልበቴ ዛፍ ልወጣ?"

"ሥልጠና አለ።"

ብድግ ብዬ "ይሄ ግፍ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

"ገንቢ አስተያየት ነው፤ እንደ ግብዓት እንወስደዋለን" አለና አጨበጨበ። አዳራሹም ተከትሎ አጨበጨበ። እትዬ ዘርፌም ሲያጨበጭቡ አየሁና ይብስ ተቃጠልኩ።

ከዚያ ደግሞ አጥር ውስጥ ነበርን። ከመላው ከተማ አሥራ አንድ ሰው ብቻ ለናሙና ተርፈን በሽቦ ታጥረናል። በሩ ላይ ጅብ ትኬት ይቆርጣል። ትናንሽ ቁጥቋጦዎች በሰልፍ እየመጡ ያዩናል፤ አስተማሪያቸው ግራር "እነዚህን እንዳትነኩ፣ የከተማችን ጌጥ ናቸው" ይላቸዋል። እሱ ይህን ሲል ከጀርባችን ሽቦው ወደ ውስጥ ይገፋል።

"አጥሩ እየጠበበን ነው!" አልኩት ጅቡን።

"ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው" አለኝ።

ሽቦው ደረቴን ሲነካኝ ባነንኩ።

ነግቷል። ከደኑ ውስጥ የሞተር መጋዝ ይጮሃል። ጫማዬን እንኳ ሳላስር ሮጥኩ። ከአምናው የተረፈው ትልቁ ዝግባ መሬት ላይ ተጋድሟል፤ ቆራጮቹ ወደ ሁለተኛው ዛፍ እየዞሩ ነው።

"ምን እያደረጋችሁ ነው?" አልኩት ወረቀት የያዘውን ኃላፊ።

"እንዴት አደሩ፣ ጋሼ? እንኳን ደስ ያለዎት! ዛሬ እዚህ የችግኝ ተከላ አለ።"

"ታዲያ ዛፉን ለምን ትጥላላችሁ?"

"ለእንግዶቹ ድንኳን ቦታ ጠፋ።"

ልሰድበው አፌን ስከፍት አንድ ችግኝ አስታቀፈኝ።

"ለፎቶው ነው" አለኝ። "ፈገግ ይበሉ እንጂ፣ ጋሼ!"