በቁሜ የወጣልኝ ሙሾ

እስኪ እውነቱን እናውራ፤ ሞቱን የማይፈራ የለም፤ የራሱን ለቅሶ ለማየት የማይጓጓም የለም። ማን ደረቱን ይደቃልኝ ይሆን፣ ማንስ ለንፍሮው ብቻ ይመጣ ይሆን ብላችሁ አስባችሁ አታውቁም? አትዋሹ። እኔ አስቤ ነበር፤ አይቼው ተውኩት።

ላሊበላ አስጎብኚ ነኝ። እንግዳ ሲጠፋ ጊዜ ቤቴን ስቱዲዮ ላደርግ ማይክ ገዛሁ፤ ማይኩን ከላፕቶፕ የምታገናኘውን፣ ኢንተርፌስ የሚሏትን ሳጥንም ጨመርኩ። ሻጩ ሳጥኗ ላይ አንዲት ቁልፍ እያሳየ፣ «ይቺን ካልተጫንክ ማይኩ አይሰማም» ብሎኝ ነበር። እሺ አልኩ። እሺ ማለት መቼ ይከብደኛል!

መጀመሪያ ልቀዳ ያሰብኩት የአክስቴን የወይዘሮ ዘነቡን ሙሾ ነው። እሳቸው ሙሾ ሲያወጡ የሟች ባላጋራ ሳይቀር ያነባል። ግን አርጅተዋል፤ ተተኪም የላቸው። ያ ድምፅ አብሯቸው አፈር እንዳይገባ ነበር ጭንቀቴ።

«በማን ስም ላልቅስ? ስም ሳልጠራ አይወጣልኝም» አሉ።

«በእኔ ስም ያልቅሱ» አልኩ፣ ዘመናዊው።

«ወዮ! በደህናው ሰው?» ብለው አማተቡ። ብለምን ብለምን፣ «እንግዲያው አንዴ ብቻ» አሉ።

የውጭ ድምፅ እንዳይገባ መስኮቱን በጋቢ ደፍኜ፣ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ ደፍቼ ተቀመጥኩ። ጀመሩ፦

«ድንጋዩን ለፈረንጅ ሲያናግር የኖረው፣
ዛሬስ ለሀገሩ ምን ነካው ዝም ያለው!»

ክው አልኩ። ድምፃቸው ማዳመጫውን ጥሶ ሲገባ ማሽኑ የሠራ መሰለኝ፤ ስክሪኑንማ እንባዬ ጋርዶኝ ማን አየው? ለራሴ ሞት ተንሰቀሰቅሁ።

ለካ ጋቢ ድምፅ ከመውጣት አያግድም! በእኛ አገር ደግሞ ሙሾ ከተሰማ መጀመሪያ ይሮጣል፤ ማን እንደሞተ የሚጠየቀው እያለቀሱ ነው። በሩን ብከፍት ግቢው በሰው ጢም ብሏል። የቅሬው፣ የእድራችን ሰዎች የለቅሶ ድንኳን ይተክላሉ። የቅሬው ዳኛ ጋሼ ይመር ስሜን እየጠሩ ደረታቸውን ሲደቁ ድንገት አዩኝና እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

ይህስ ይሁን። ሚስቴ ከገበያ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ፊቷን እየነጨች ደረሰች። መርዶውን መንገድ ላይ ነግረዋታል። አየችኝ፤ ከነማዳመጫዬ። መሬት ላይ ተቀመጠች። «አንተ ቆመህ እኔን ገደልከኝ» ብቻ አለች።

ሰው እየተራገመም እየሳቀም ሲበተን የቀዳሁትን ከፈትኩ። ጭጭ። ቁልፏን አልተጫንኳትም።

አክስቴ እግር ላይ ወደቅኩ። «እቴቴ፣ አንዴ ይድገሙልኝ!»

«ለአንድ ሰው ሁለቴ አይለቀስም። ያንተን ጨርሻለሁ፤ ሌላ ስም አምጣ» አሉ።

ይኸው ስሙን የሚያውሰኝ ፍለጋ መንደሩን ዞርኩ፤ ሁሉም እያማተበ በሩን ይዘጋብኛል። የአክስቴ ድምፅ ደግሞ በየቀኑ እየሰለለ ነው። ቁልፏን ግን ተጭኛታለሁ፤ መብራቷ ቦግ ብሎ ይጠብቃል።

እናንተዬ፣ ለመሆኑ ስማችሁን ማን ልበል?