የሰብለ ታፔላ ቀለም

ትናንት ማታ በሕልሜ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ለጎረቤት ግን እንዳታወሩብኝ።

ልጄ ሰብለ እዚሁ ደጃችን ላይ የቬሎ ማከራያ ልትከፍት ነው። መምህርነቷን ትታ ነው የገባችበት፤ ሙሽሮች ካልመጡላት አለቀላት። ታፔላው ምን ቀለም ይሁን እያለች ሳምንት ሙሉ አደረቀችን።

ታዲያ በሕልሜ ሱቋ ራሱ በሁለት እግሩ መጥቶ በሬን አንኳኳ። ከኋላው ፋርማሲውና ጸጉር ቤቱ ተሰልፈዋል። ለካ እዚያ አገር ሱቆቹ ናቸው ደንበኛ ፍለጋ የሚዞሩት።

«እማማ፣ ቀለም ይምረጡልኝ» አለኝ። «እስከ ስድስት ሰዓት ካልለበስኩ የሬሳ ሳጥን መሸጫ ያደርጉኛል።»

በበሩ እጀታ ይዤው ወጣሁ። ቀለም ቤት ስንደርስ ቆርቆሮዎቹ ቁጭ ብለው ሰው ይመርጣሉ። አንዱ ቀይ ቆርቆሮ ጉንጬን በብሩሽ ነካ ነካ አደረገና፣ «ይቺ ደብዝዛለች፣ አልወስዳትም» አለ።

«አንተስ ክዳንህ ዝጎ የለ እንዴ» አልኩት።

ነጭ ስጠይቅ አንድ የቻይና ሽማግሌ ከወረፋው ብቅ አሉ። አማርኛቸው ከኔ ይጠራል። «የኔ እናት፣ ነጭ እኛ ዘንድ የለቅሶ ነው። ሙሽራ ቀይ ነው የምትለብሰው።»

«ቀይማ እኛ ጋ ሥጋ ቤት ነው፤ ሙሽራዋ ገብታ ቁርጥ ብታዝስ?»

«አረንጓዴስ?» አለ ሱቁ።

«ልብሴን እንዳትነካ» አለ ፋርማሲው ከኋላ።

በዚህ መሀል ሠርግ አለፈ። ሙሽሪት ከል ለብሳ እልል ይባልላታል። ቀጥሎ ቀባሪዎች ሮዝ በሮዝ ሆነው እስክስታ እየወረዱ መጡ። ሬሳው ከቃሬዛው ላይ ቀና አለና፣ «ለሙሽራ ሱቅ ጥቁር እያለ ምን ያከራክራችኋል?» ብሎ ተመልሶ ተኛ።

ሱቁ ይህን ሲሰማ ሮጦ ጥቁሩ ቆርቆሮ ውስጥ ዘሎ ገባ። በእጀታው ልጎትተው ስል የሰብለ ድምፅ ቀሰቀሰኝ።

«እማዬ፣ ነይ እስቲ ውጭ።»

ወጣሁ። ታፔላ ጸሐፊው ጌጡ ሥራውን በጠዋት ሰቅሎታል። ሰብለ ሙሽራ ሆና የተነሳችውን ፎቶ ሰጥታው ኖሮ፣ ጥቁር መደብ ላይ በትልቁ ለጥፎ ዙሪያውን በወርቅማ ቀለም ከቦታል። «ውጭ አገር የውድ ዕቃ ቀለም ይሄ ነው» ይላል ኮራ ብሎ። እድርተኛው ያንን አይቶ ሱቁ በር ላይ ድንኳን ተክሏል። ጎረቤታችን እትዬ ዘርፌ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን ትደቃለች።

«እትዬ ዘርፌ፣ አለሁ እኮ» አለቻት ሰብለ።

እትዬ ዘርፌ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ታዲያ ልጄ፣ ድንኳኑ ከተተከለ በኋላ ነው የምትነግሪን?»