ጾመኞቹና የኮኮናቱ ማርማላታ

አሜሪካ የሚኖር ጾመኛ ሳያስበው ኬሚስት ይሆናል። አገር ቤት ሳለን ቅቤ ቅቤ ይመስል ነበር፣ እንቁላልም እንቁላል። እዚህ ግን ወተት ስሙን ለውጦ ብስኩት ውስጥ ይገባል፤ እንቁላል ዳቦ ላይ ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ሁዳዴ ሲገባ ሲልቨር ስፕሪንግ ካሉት ሱፐርማርኬቶች ወደ አንዱ ብቅ ብትሉ፣ የብስኩት ፓኬት ዓይናቸው ሥር አስጠግተው እንደ ቤት ውል የሚያነቡ ሴቶች ታገኛላችሁ። አንዷ እኔ ነኝ። አጓት በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ያወቅሁት ትምህርት ቤት አይደለም፤ በጾም ነው።

ጽሑፍ ያለበትን ምግብ እንግዲህ አነባለሁ። ጽሑፍ የሌለበት ሲያጋጥም ምን መደረግ እንዳለበትም አውቃለሁ። መጠየቅ ነው። ቀላል ነገር ነው። አርባ ዓመት ያለፋት፣ ጥርስ ሐኪም ቤት ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ ሰው "አለርጂ አለብዎት?" እያለች የምትጠይቅ ሴት ይህ ሊያቅታት አይገባም ነበር።

እናቴ ካረፈች ወዲህ ጓደኛዋን እትዬ ዘነበችን እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ማድረስ የእኔ ፈንታ ሆነ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ስፕሪንግፊልድ ልጃቸው ቤት ይኖራሉ፤ ቆራቢ ናቸው። ጾም ሽረው አያውቁም። አንድ ጊዜ ሐኪም በሁዳዴ ወተት ይጠጡ ቢላቸው ሐኪሙን ለወጡት።

ከቤተ ክርስቲያኑ አምስት ደቂቃ ያህል ነድታችሁ፣ እዚያው አሌክሳንድሪያ፣ በላውንደሪና በጥፍር ማሳመሪያ ቤት መካከል የተሸጎጠ ቡና ቤት ነበር። ባለቤቱ ነጭ ካኔቴራ የማያወልቅ፣ ሰባ ዓመት የሚጠጋው ሰው ነው። ቤተሰቦቹ ሃይናን ከምትባል የቻይና ደሴት ሲንጋፖር ተሰደዱ፤ አያቱ ለእንግሊዞች ወጥ ቤት ሆኖ ሠራ፤ እንግሊዞቹ ሲሄዱ የተጠበሰ ዳቦና ቡናቸውን አስቀርቶ በራሱ መንገድ ይሠራው ጀመር። የልጅ ልጁ ደግሞ ይህንኑ ይዞ ቨርጂኒያ ገባ። ሁሉም ሰው "አንክል" ይለዋል። እትዬ ዘነበች ሰው ያለ ማዕረግ አይጠሩምና "አቶ አንክል" አሉት።

የቤቱ ምግብ አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። በረጅም የጨርቅ ከረጢት የሚጠለል፣ ጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት የሚጨመርበት ወፍራም ቡና። ስስ ሆኖ የተጠበሰ ዳቦ፣ በመካከሉ ቀዝቃዛ ቅቤና ካያ የሚሉት የኮኮናት ማርማላታ። ከጎኑ ሁለት እንቁላል፣ እሳት ከሩቅ ብቻ ያየ፣ በማንኪያ የሚጠጣ።

በቅድስት እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ እትዬን ይዤያቸው ገባሁ። እኔ ለብቻዬ ሁለት ሦስቴ ሄጄ ነበር። ቀና ብዬ "ኖ በተር፣ ኖ ሚልክ፣ ኖ ኤግ" አልኩ። እንዲህ ስል ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉት ሰዎች ቢሰሙኝ አልጠላም ነበር።

እትዬ ዳቦውን ገለጥ አድርገው አዩት።

"ገኒዬ፣ ይሄ የተቀባው ምንድን ነው?"

"የኮኮናት ማርማላታ ነው እትዬ። ኮኮናት እኮ ዛፍ ላይ ነው የሚበቅለው።"

"ዛፍ ላይማ ዶሮም ይሰፍራል" አሉና ቀስ ብለው በሉት።

ከዚያ በኋላ እሑድ በመጣ ቁጥር አንድ ቀን ሳናስታጉል ሄድን። እትዬ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ቡናው ልቤን ይመታኛል ብለው ሙቅ ውሃ ያዝዛሉ። ዳቦውን ደግሞ "ቤት እበላዋለሁ" እያሉ በሶፍት ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ይከታሉ። ዕድሜ ነው አልኩ። የእኔን ግን ፍርፋሪው ሳይቀር ነበር የምበላው።

በምኩራብ እሑድ እጄን ልታጠብ ወደ ጓሮ ሳልፍ የእንቁላል ትሪ ወገቤ ድረስ ተደርድሮ አየሁ። ቆም አልኩ። ሰዉ ሁሉ የሚጠጣው እንቁላል አለ አይደል? የዚያ ነው አልኩ። ከምድጃው አጠገብ ግን አንክል ትልቅ ድስት ላይ አጎንብሶ ቢጫ ነገር ያማስል ነበር። "ምንድን ነው እሱ?" የሚለው ጥያቄ ምላሴ ላይ ነበር። ተመልሼ ተቀመጥኩና ከዳቦው ጋር ዋጥኩት።

በመጨረሻ የጠየቅሁት በኒቆዲሞስ እሑድ ነው። ያውም ለሕሊናዬ ብዬ አይደለም፤ በሆዳምነት። ለሰሙነ ሕማማት ቤቴ አንድ ጠርሙስ ልሠራ ፈለግሁ። እትዬ መኪና ውስጥ እስኪገቡ ጠብቄ፣ እንዴት እንደሚሠራ ንገረኝ አልኩት። ፊቱ በራ። ኮኮናት፣ ስኳር፣ ሃያ እንቁላል፣ ሳያቋርጡ ማማሰል። ቡናውም እንዲህ የሚሸተው ሲቆላ ቅቤ ስለሚገባበት ነው፤ እንደ አያቱ።

"ኖ በተር" ስል የነበርኩት እንግዲህ ለዚህ ሰው ነው።

ፊቴን አይቶ ምን ሆንሽ አለኝ። ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጾም እንዳለብን፣ መኪናው ውስጥ ያሉት አሮጊት ለፋሲካ ሊቆርቡ እንደሚዘጋጁ ነገርኩት። ግንባሩን ቋጥሮ ወደ ጓሮ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት አይወሩም። ብነግራቸው፣ ስንት ዓመት የጠበቁትን ጾም አፈረስኩባቸው፤ ቁርባኑም ይቀራል። ባልነግራቸው፣ እንቁላል አብልቼ ወደ ቁርባን ላስገባቸው ነው። ሐሙስ ከሥራ ወጥቼ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። ግማሹ ስፕሪንግፊልድ የእሳቸው የንስሐ ልጅ ነው፤ ብዙ ሰምተዋል።

"አባ፣ አንዲት ትልቅ ሴት ማርማላታ አብልቼ..." ብዬ ስጀምር አሳላቸው።

"የኮኮናቷን?"

ኮኮናት የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም ነበር። እኔ ግን ማልቀስ ላይ ስለነበርኩ አላስተዋልኩም።

"እንቁላል እንዳለው ታውቂ ነበር?"

"አላውቅም ነበር።"

አባ ዝም ሲሉ ሰው ይቀጥላል።

"ትሪውን አይቼ ነበር። አልጠየቅሁም።"

"እንግዲህ የአንቺ እሷ ናት። አርባ አንድ ስግደት። ለሴትዮዋም ራስሽ ንገሪ፣ ከሆሣዕና ሳታሳልፊ።"

በሆሣዕና ጠዋት እትዬን ከቤታቸው ይዤ ወጣሁ። ቤልትዌይ ላይ ሆኜ፣ ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሳ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ኮኮናቱን፣ ሃያውን እንቁላል፣ ትሪውን። እትዬ የነጠላቸውን ጥለት እያስተካከሉ አዳመጡኝ። መውጫችንን አለፍኩት። ጂፒኤሷ ተመለሺ አለችኝ።

"ጨረስሽ?" አሉ እትዬ።

"ጨረስኩ።"

"ገኒዬ፣ እኔ እኮ ስንት ዘመን ዶሮ ያረባሁ ሰው ነኝ። እንቁላል አፌ ውስጥ ገብቶ ይጠፋኛል? አንዴ ከጎረስኩ በኋላ መትፋት ነውር ሆነብኝ። ማክሰኞውኑ ለአባ ነግሬ ሰግጄ ጨርሻለሁ።"

"ታዲያ ሌላው ዳቦ ሁሉ?"

"የልጅ ልጆቼ በሉት። እሑድ ሲሆን በር ላይ ነው የሚጠብቁኝ።"

"ለምን አልነገሩኝም እትዬ?"

"እናትሽ ካረፈች ወዲህ ሰው ጋብዘሽ ደስ ሲልሽ ያየሁሽ እዚያ ነው። ደግሞ" አሉ ወደ መስኮቱ ዞር ብለው፣ "የምታውቂ መስሎኝ ነበር። የአሜሪካ ጾም እንዲህ ይሆን እንዴ ብዬ ነው።"

ስለዚህ ሒሳቡ ሲጠራ፣ ያን ሁሉ እሑድ "ኖ ኤግ" እያለች ጾም ስትሽር የከረመችው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። እሷም አርባ አንዷን ስትሰግድ ጉልበቷ አበጠ። እትዬ በፋሲካ ቆረቡ።

በዳግማይ ትንሣኤ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከእንግዲህ የሚያግደን የለም ብለን ወደ ቡና ቤቱ ሄድን። እትዬ መንገዱን ሙሉ ስለ ቅቤው አወሩ። እንቁላሉንም እንደ ሰዉ በማንኪያ እንጠጣዋለን ተባባልን። ገና ሳንቀመጥ አንክል ከጓሮ እየሮጠ መጣ። በሁለት እጁ ሳህን ይዟል። ዳቦው ውስጥ ያለው ማርማላታ ብርቱካናማ ነው።

"ፎር አንቲ!" አለ። "ፓምፕኪን! ኖ ኤግ! ኖ በተር!" በቡናውም ፈንታ ያለ ወተት ሻይ አፍልቷል። ሦስት ሳምንት እንደሞከረ፣ አራት ድስት እንደደፋ ነገረን። እጁን ካኔቴራው ላይ ጠርጎ ከፊታችን ቆመ። ሊሄድ አላሰበም።

"ምን አለ?" አሉኝ እትዬ።

"ዱባ ነው አለ። የጾም። ለእርስዎ ብሎ ነው የሠራው።"

እትዬ ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ያለውን እንቁላል አዩ። አቶ አንክልን አዩ። ሶፍቱ አጠገባቸው ነበር፤ አልነኩትም። ዳቦውን አንስተው ጎረሱ፣ ረጅም ጊዜ አላመጡ፣ ዋጡ።

"በጣም ጣፋጭ ነው በይው።"

አልኩት።

"ሁልጊዜ እንዲህ ይሥራልን በይው" አሉ ደግሞ፣ ፈገግታቸውን ሳያጠፉ። "ይቺን ውሸት ለአባ አንቺ ትነግሪያለሽ። የእኔ ጉልበት አይችልም።"