ለአንጎሉ የሚያጨሰው ሰው

(ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር፣ ከሰዓት በኋላ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛው ክብሩ ሲጋራ ይዞ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ፒያሳ ላይ ጨርቅ የሚሸጠው ሙክታር ጭሱን በኮፍያው ያባርራል።)

ሙክታር፦ አጥፋው እኮ አልኩህ! ታቢታን ልታስጠይቅ ነገ ሽማግሌ ትልካለህ፣ ዛሬ ታጨሳለህ? አባቷ አጫሽ አይወዱም።

ክብሩ፦ እያጨስኩ አይደለም።

ሙክታር፦ ታዲያ ከአፍንጫህ የሚወጣው ምንድን ነው?

ክብሩ፦ ብነግርህም አይገባህም። አንጎሌን እያጠጣሁ ነው።

ሙክታር፦ ጭስ?

ክብሩ፦ ደም! ስማ። አንጎል ውስጥ ቀጫጭን የደም ስሮች አሉ። ኒኮቲን ሲደርሳቸው ይሰፋሉ፣ ደሙም ይጨምራል። መጽሔት ላይ አንብቤዋለሁ።

ሙክታር፦ የእኛንም ሰፈር ቧንቧ አስፍተውት ነበር። ከሰፋ ወዲህ ውሃ አላየንም።

ክብሩ፦ ቧንቧ ነርቭ አለው እንዴ? እዚህ ውስጥ (ግንባሩን ይጠቁማል) ነርቭ አለ። ሲቀሰቀስ የደም ስሩን «ስፋ!» ብሎ ያዘዋል። ኒኮቲን ትእዛዙን ያጠነክርለታል።

ሙክታር፦ ማን አየው?

ክብሩ፦ ተመራማሪዎች። አይጥ ላይ።

ሙክታር፦ አይጦቹ የሚያጨሱት ባለፊልተሩን ነው?

ክብሩ፦ አይጥ አያጨስም፣ አንተ ሰውዬ! አደንዝዘው በመርፌ ነው የሰጧቸው።

ሙክታር፦ የተኛ አይጥ ብልህ መሆኑን በምን አወቁ?

ክብሩ፦ ብልህ ሆነ አላሉም። ደሙ ጨመረ ነው ያሉት። ብልህነቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ሙክታር፦ ነርቩ ሌላ መቀስቀሻ የለውም?

ክብሩ፦ አለው። እግራቸውን ሲቆነጥጧቸውም ደሙ ጨምሯል ይላል።

(ሙክታር የክብሩን ክንድ አጥብቆ ይቆነጥጣል።)

ክብሩ፦ ኧረ! ምን ሆነሃል?

ሙክታር፦ ሲጋራውን እንድትተው ብዬ ነው። ካገባችህ በኋላ ታቢታ ጠዋት ማታ ትቆነጥጥሃለች። ጭስ የለው፣ ሽታ የለው።

ክብሩ፦ መቆንጠጥ ሊቅ የሚያደርግ ቢሆን፣ አንተ ቁርዓን ቤት ስትቆነጠጥ አድገህ ዛሬ ጨርቅ ትሸጥ ነበር?

ሙክታር፦ እውነትህን ነው። (እጁን ይነካዋል) ጣትህ ግን ምነው ቀዘቀዘ?

ክብሩ፦ ኒኮቲኑ የእጅን የደም ስር ያጠባል። የሚያሰፋው የአንጎልን ነው።

ሙክታር፦ ከእጅህ ቀምቶ ለጭንቅላትህ ይሰጣል?

ክብሩ፦ እንደዚያ በለው! አየህ፣ ጭሱ አጠገብ ተቀምጠህ አንተም ነቃህ።

ሙክታር፦ ጠቅሞሃል ታዲያ?

ክብሩ፦ ባለፈው ሳምንት ግምገማ ላይ ሁለት አጭሼ ገባሁ። ሳልደናቀፍ እስከ ምሳ ድረስ ተናገርኩ።

ሙክታር፦ ከዚያስ?

ክብሩ፦ ከኃላፊነት አነሱኝ። ያ የእነሱ የደም ስር ችግር ነው።

ሙክታር፦ (ውሃው ዳር የቆመውን አባ ኮዳ እያየ) ይሄ ወፍ ግን ሳያጨስ ቆሞ ሲያስብ ይውላል።

ክብሩ፦ እሱ የሚያስበው የዓሣ አንጀት ነው።

ሙክታር፦ አንተ ካላጨስክስ?

ክብሩ፦ ደሙ እስከ ላይ አይደርስም። ጠዋት ስሜን እንኳ የማስታውሰው ከመጀመሪያዋ ሲጋራ በኋላ ነው።

ሙክታር፦ አይጦቹ ሁሉ እኩል ሰፋላቸው?

ክብሩ፦ ያረጁት ላይ ብዙም አልሠራም ይላል። እኔን አይመለከተኝም። ገና አርባ አምስቴ ነው።

ሙክታር፦ ለአባቷ ለጋሽ ደምሴ ሠላሳ ስድስት ነኝ አላልክም?

ክብሩ፦ ለጋሽ ደምሴ ሌላ፣ ለሳይንስ ሌላ። ሲጋራም እጄ ነክቶ አያውቅም ብያቸዋለሁ። ጠባዬን የሚያጣራ ሰው ይልካሉ አሉ። ይምጣ! ከረባት አስሮ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ የሚመጣ ሰው ከሩቅ ይታወቃል። ሲጋራዬን ጥዬ መዝሙር እጀምራለሁ።

ሙክታር፦ መዝሙሩን ቀደም ብለህ ብትጀምረው ጥሩ ነበር።

ክብሩ፦ ለምን?

ሙክታር፦ የላኩት እኔን ነው።

(ሲጋራው ከክብሩ ጣት ይወድቃል።)

ክብሩ፦ አንተን? ስንት የተማረ ሰው እያለ!

ሙክታር፦ ከጋሽ ደምሴ ጋር ሱቃችን ጎን ለጎን ነው። ደግሞ «አንተን ሞኝ ስለሚልህ ፊትህ አይጠነቀቅም» አሉኝ። ቅር ብሎኝ ነበር። ለዚህ ነው ገና ከመቀመጣችን አጥፋው ያልኩህ። ዕድሜህን ደግሞ አጣራ አላሉኝም፤ እሱን የመረቅክልኝ አንተ ነህ።

ክብሩ፦ ሙክቴ፣ ወንድሜ! ይህን ከሰሙ ታቢታን አጣኋት። መድኃኒት ነው በላቸው!

ሙክታር፦ እላቸዋለሁ። ለሱስ አይደለም፣ ለሕክምና ነው እላለሁ።

ክብሩ፦ ተባረክ!

ሙክታር፦ በሽታው ምንድን ነው ሲሉኝም ራስህ የነገርከኝን እነግራቸዋለሁ፤ ካላጨሰ ጭንቅላቱ ደም አይደርሰውም። (ኮፍያውን አድርጎ ይነሣል። ጥቂት ሄዶ ይመለሳል) ሲያጨስም አጠገቡ ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ፤ ያን ያህል ለውጥ የለውም።