ጋሼ ዛኪር ለአምባሩ ወደ ጥልቁ እንደ ወረዱ

በዘመነ ፈረቃ፣ የቧንቧ ውሃ እንደ ክቡር እንግዳ በሚጠበቅበት፣ በ፲፱፻፺፱ ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ግንቦት፣ ኃያሉ ዛኪር ዘመርካቶ፣ የሳልባጅ ነጋዴ፣ ቦንዳ ጨማቂ፣ የሐጀራ ባል፣ የማሂራ አባት፣ ታላቅ ውርደት አገኛቸው። በሳልባጅ ተራው ሕግ ቦንዳ የሚባለው የልብስ እስር ሳይፈታ ነውና የሚገዛው፣ እርሳቸውም ከጅቡቲ የመጣውን በቀኝ እጃቸው ጨመቅ አድርገው፣ «የቆዳ ጃኬት ነው! ይህች እጅ ዋሽታ አታውቅም!» ብለው አወጁ። በተፈታ ጊዜ ግን የባሕር ጠላቂ የጎማ ልብስ፣ መነጽር፣ የዳክዬ እግር የመሰለ ጫማና ባዶ የአየር ሲሊንደር ወጣ፤ በማሸጊያውም ላይ በሩቅ ባሕር መካከል ክብ ሠርታ የተኛች፣ ኮራል ከተባለ የባሕር ድንጋይ የሆነች ደሴት፣ ከሥሯም ከዓሣ ጋር የሚዋኙ ሰዎች ተሥለው ነበር። ወይ ጉድ! ተራው በሙሉ ሳቀ። ሐጀራም፣ «ስማ! ያልሰማህ ስማ! በዚህ ሰውዬ እጅ የተመረጠ ቦንዳ ደጄን እንዳይረግጥ!» ብለው አዋጅ አስነገሩ። ዛኪርም ቀኝ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ይሄዱ ጀመር።

ከዚህም በኋላ የማሂራ ሰርግ ዋዜማ ሆነ። ሐጀራ ለወጥ ውሃ ሲቀዱ፣ ከእናታቸው የተቀበሉት፣ በማግስቱም ለሙሽራይቱ ሊያጠልቁላት ያሰቡት የወርቅ አምባር ከእጃቸው ሾልኮ፣ በግቢው ካለው፣ የፈረቃው ውሃ ከሚጠራቀምበት ጥልቅ የሲሚንቶ ጉድጓድ ገባ። ውሃው እንዳይደፋ ሰርግ ነው፣ ቧንቧውም ከሰርጉ በፊት አይመጣም፤ አምባሩ እንዳይተው የእናት አደራ ነው። ሐጀራ መሬት ተቀምጠው አለቀሱ።

ያን ጊዜ ዛኪር ተነሡ፤ የጎማውን ልብስ በሳሙና አሳጥበው ለበሱ። ተከተሏቸውም፦ የተሸካሚዎች አለቃ ሶሬሳ ገመድ ይዞ፣ ጎረቤታቸው እትዬ ሸዋርካብሽ ስለት እየተሳሉ፣ የሰርጉ ሽንኩርት ከታፊዎችም ከነቢላቸው፤ አገኘሁ የተባለው ጎማ ነፊ ጎሚስታም ሲሊንደሩን ሊነፋ መጥቶ ነበር፣ የሲሊንደሩ አፍ ከመንፊያው ጋር አልገጠመለትም እንጂ። ዛኪርም፣ «እኔ እወርዳለሁ! ባልወጣም ሰርጉ እንዳይቀር!» ብለው አውጀው ዘለው ገቡ።

አልሰመጡም። ጎማው ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርጎ እንደ ቡሽ አንሳፈፋቸው፣ ሽንኩርት ከታፊዎቹም በሳቅ ፈረሱ። ሶሬሳ ግን ሮጦ ከሱቁ የሚዛን ብረቶች አመጣ፤ በዚያው በቦንዳው ማሰሪያም ወገባቸው ላይ ጠፍሮ፣ ገመዱን ብብታቸው ሥር አሰረ። አሁንስ ወረዱ!

በጥልቁም ዓሣ የለ፣ ደሴት የለ፣ ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ መነጽሩም ምንም አላሳየ። ስለዚህ ያችን የተዋረደች ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። ይህ የጣሳ ክዳን፣ ይህ ጭልፋ፣ ይህ ደግሞ ድንጋይ እያሉ ዳበሱ፤ ትንፋሻቸው ሊያልቅ ሲል አንዲት ክብ ነገር ነኩ፣ ጨመቅም አደረጓት። ወርቅ! ገመዱን ነቀነቁ፤ ሶሬሳም ጎትቶ አወጣቸው።

ሐጀራ ግን ቀድመው የያዙት አምባሩን አልነበረም። ያችን እርጥብ፣ የተጨማደደች እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙ፤ «ስማ! ያልሰማህ ስማ! ቦንዳ ይግባ! የዚች እጅ ምርጫ ሁሉ ደጄ ይግባ!» ብለው አወጁ።

ማሂራም አምባሯን አጥልቃ ተዳረች፤ ወጡ ጎማ ጎማ ይላል ያለ ቢኖርም ዜና ጸሐፊው አልሰማም። እነሆ ክብር ለዛኪር፣ ባሕር በሌለበት አገር ለጠለቁት፣ የሚዛን ብረት ለታጠቁት፣ ዝናቸው ከሶማሌ ተራ እስከ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ለተሰማው፤ ከዚያች ቀን ወዲህ ቀኝ እጃቸው ኪሳቸው ገብታ አታውቅም።