የአቶ ዴዝመንድ የእሁድ ቁጣ

«ይቺ ላም እኮ ከእኔ ቀድማ ነው ጡረታ የወጣችው!» አሉ አቶ ዴዝመንድ፣ ሥጋውን በሹካ እየወጉ። ሹካው አልገባም።

«ቀስ በል፣ ይሰሙሃል» አለቻቸው ሚስታቸው ግሌኒስ።

«ይስሙኛ! ዛሬስ አልምርም።»

እንግሊዝ አገር እሁድ ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ዴዝመንድ የሌለበት ፐብ፣ ምሳም የሚበላበት መጠጥ ቤት፣ ካለ፣ ወይ ተዘግቷል ወይ ተቃጥሏል። ለሚስቱ አንበሳ፣ ለአስተናጋጅ ጥጃ! ዮርክሻየር በሚባለው ክፍለ ሀገር ደግሞ የዚህ ዘር ንጉሥ ክቡር አቶ ዴዝመንድ ናቸው። ፀጉር ቆራጩ ጆሯቸውን ሲቆርጣቸው «ይቅርታ» ያሉት እሳቸው ናቸው። ጥርስ ሐኪሙ ደህናውን ጥርስ ነቅሎ የታመመውን ሲተውላቸው፣ ቤት ገብተው እስኪመሽ ሲራገሙ ቆዩና ለገና ካርድ ላኩለት። «አልምርም» ማለት በሳቸው ቋንቋ «ግሌኒስ፣ ስሚኝ» ማለት ነው።

እሷም ዛሬ ሰልችቷት ውርርድ አመጣች። ለፐቡ ባለቤት ለብረንዳ ፊት ለፊት ቅሬታውን ከተናገረ፣ የሐሙሱን የዳንስ ትምህርት ነገር ዳግመኛ አታነሳበትም። ካልተናገረ ግን፣ ሐሙስ ቀጥ ብሎ አብሯት ሄዶ ይደንሳል። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ስትለምነው ኖራለች፤ ብቻዋን ሄዳ ከወንበር ጋር መደነስ መሯታል።

«ተወራረድን!» አሉ አቶ ዴዝመንድ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

ብረንዳ ከች አለች። «ሁሉ ነገር ደህና ነው?»

እዛ አገር ለዚች ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው፣ «ግሩም ነው»፤ ልጅ ከፊደል በፊት ይማረዋል። አቶ ዴዝመንድ አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ከፈቱ።

«ካላስቸገርኩ... ትንሽ መረቅ ይገኝ ይሆን?»

እዛ መረቅ መለመን «ሥጋችሁ ደርቋል» ብሎ እንደ መሳደብ ነው! የጎረቤት ጠረጴዛ ሹካ አየር ላይ ቀረ። ሳህን ቢወረውሩ ይሻል ነበር። ብረንዳ ፊቷ ተለዋውጦ ወደ ወጥ ቤት ሮጠች።

መረቁን ይዞ የመጣው ባሏ ክላይቭ ራሱ ነው። ወጥ ሠሪያቸው ጥሏቸው ስለሄደ፣ ዕድሜ ልኩን ቢራ ሲቀዳ የኖረ ሰውዬ ዛሬ ገና ሽርጥ ማሰሩ ነው። መረቁን አስቀምጦ የሽርጡን ጫፍ ያፍተለትላል።

«ሥጋው ደርቆብዎት ነው፣ አይደል?» አላቸው።

በቃ! «አዎ» ካሉ አሸነፉ፣ ዳንስ ቀረ። አቶ ዴዝመንድ የክላይቭን ፊት አዩ፣ ሥጋውን አዩ።

«ምን በወጣው! ግሩም ነው። እኔ መረቅ ስለምወድ ነው።»

ክላይቭ ግን አልሄደም፤ ቆሞ ያያል። እሳቸውም መረቁን ግልብጥ አድርገው እንደ በቅሎ ያኝኩ ጀመር። የራሳቸውን ጨርሰው፣ ግሌኒስ የተወችውንም ከሳህኗ አነሱ። ክላይቭ ፊቱ በርቶ ተመለሰ። ግሌኒስ መሳቅም ማልቀስም አማራት። እስከ ዛሬ እሷ ላይ ብቻ የሚጮኸው፣ ሌላ ሰው ላይ መጮህ ስለማያስችለው ነው። እስቲ ይሄን ሰውዬ በማን ትለውጠዋለች?

ቢሆንም ውርርድ ውርርድ ነው።

«ተበላህ» አለችው። «ግሩም ነው ብለሃል።»

«መረቅ ጠይቄያለሁ! ሰው ሁሉ ሲደነግጥ አላየሽም? ከዚህ በላይ ቅሬታ የት አለ?»

አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰውዬ ዳኛ አደረጉት። ሰውዬውም የዚያው ዘር ነውና፣ ፍርዱን ትቶ በመስኮት አየና፣ ሳይዘንብ አይቀርም አላቸው።

እስከ መኪናው ድረስ ተጨቃጨቁ። አቶ ዴዝመንድ ቁልፉን ይዘው ቆም አሉ።

«አላሸነፍሽም፣ እወቂው» አሉ። «ግን እንዲያው ለነገሩ... ሰዎቹ እዛ ዳንሱ ላይ የሚያደርጉት ምን ዓይነት ጫማ ነው?»